«ደህና ነን» ያለው ሕንፃ

ሐበሻን ስለ ችግሩ ጠይቆ መልስ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ቤቱ እየተቃጠለ «እንዴት ነህ?» ብትሉት መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ከዚያ ጤናችሁን፣ ልጆቻችሁን፣ ሥራችሁን አንድ ባንድ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ካላስቸገርኳችሁ ብሎ ውኃ ይለምናችኋል። አትሳቁ፤ እናንተም ያው ናችሁ።

ይህን ጠባያችንን ተመራማሪ ከየት ያውቀዋል? እኛ ባለንበት በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ሆዜም ከኦክላንድም የተውጣጡ ተመራማሪዎች፣ ከተማ ሙቀትንና የሰደድ እሳት ጭስን እንዴት ይቋቋም የሚል ሪሰርች ከነዋሪው ጋር ይሠራሉ። ስለ ነዋሪው ሳይሆን ከነዋሪው ጋር፤ መሪያቸው ሊንዳ ይህን ሳትናገር ሚቲንግ አትከፍትም። ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን ደግሞ ያረጀ ነው፤ ኤሲ የለውም። ጭስ ሲመጣ መስኮት ከዘጋን እንቀቀላለን፣ ከከፈትን እንታፈናለን። ሊንዳና ጓደኞቿ ምድር ቤት ያለውን ባዶ ክፍል አየር ማጣሪያና ማቀዝቀዣ አስገብተው የሁላችን መጠለያ ሊያደርጉት ያስባሉ። ችግሩ፣ የሚመረጠው አንድ ሕንፃ ብቻ ነው፤ ሳን ሆዜ ውስጥ ተፎካካሪ አለን። የባሰበት ይወስዳል። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ከኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ዘነበች አስም አለባቸው፣ ባለፈው የጭስ ሰሞን በአምቡላንስ ነው የተወሰዱት።

እኔ የኤርፖርት ሾፌር ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ከሌላው ትንሽ ስለሚሻል አስተርጓሚ ተደረግሁ።

በመጀመሪያው ሚቲንግ ሊንዳ እትዬ ዘነበችን «ጭሱ ጎዳዎት?» አለቻቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ። ይልቅ አንቺ ከሩቅ መጥተሽ ደክሞሻል፤ የሚጠጣ ነገር ሰጧት?»

እሳቸው ደህና ካሉ ማን ደፍሮ ታምሜአለሁ ይላል? ሁሉም ደህና ሆነ። እንግዳ ፊት ገመና አይወጣም። አንዱማ ጭራሽ ለሙቀቱም አመሰገነ። ተረጎምኩ፤ ምን ላድርግ?

ከጥቂት ቀን በኋላ ሊንዳ ኮል አድርጋ «የናንተ ሰዎች በጣም ጠንካሮች ናቸው፤ ሳን ሆዜዎቹ ሳይብስባቸው አይቀርም» አለችኝ። የእትዬ ዘነበች «ደህና ነኝ» ክፍሉን ሊያስወስድብን ነው።

«ስለራሳቸው አትጠይቂያቸው» አልኳት። «ስለ ጎረቤታቸው ጠይቂያቸው።»

እንደገና መጣች፣ እንደመከርኳት ጠየቀች። ጉድ ፈላ! ስለራሱ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሁሉ ለጎረቤቱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። የታችኛው ፎቅ ሕፃን ሽፍታ፣ የጥበቃው ደም ግፊት፣ የእትዬ ዘነበች አምቡላንስ፣ ሁሉም ወጣ። በኋላ ክፍሉን ለኛ ሰጡን፤ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። በዚያው ሚቲንግ በምክሬ ኮርቼ ደረቴን ነፍቼ ስተረጉም፣ እትዬ ዘነበች ወደኔ ዞሩ። ሁሉም የሚናገረው አስተርጓሚውን እያየ ስለሆነ ሊንዳ ምንም አልጠረጠረችም።

«የባሰበት ግን እሱ ነው» አሉ። «ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲያስል እሰማዋለሁ። ስጠይቀው ጉንፋን ነው ይለኛል። ጉንፋን እንዲህ ይከርማል? ሰው የለው! አንድ ቀን ብቻውን እዚያ ቤት ይቀርብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ተርጉምላት እንጂ!»

እንቅልፍ ማጣታቸውን አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ መሰለኝ። «አንድ ጎረቤት አለ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳሉንም፣ ብቸኝነቱንም፣ የእሳቸውንም ፍርሃት አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ።

ሊንዳ ደነገጠች። «ይህን ሰው ልናገኘው እንችላለን? የት ነው ያለው?»

እንግሊዝኛ አይገባቸውም ብዬ የምተረጉምላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ ወደኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።