ደህና ነኝ፤ አንተስ?

አውራ ጣት ድሮ ይህን ያህል ሥራ አልነበረባትም። መጻፍ የማይችል ሰው ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ ያትማታል፣ ቅማል ይገድልባታል፣ ከዚያ በኋላ ታርፋለች። ዛሬ የሰውን ኑሮ ሁሉ ተሸክማ የምትውለው እሷ ናት። በእሷ እንመርቃለን፣ በእሷ እናዝናለን፣ በእሷ የታመመ እንጠይቃለን፤ የወለደች ሴት ቤት ገንፎ ሳንቀምስ በእሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን እንገላገላለን። ለቅሶም ቢሆን አልቀረላትም። የሞተ ሰው ፎቶ ሥር የተቀሰረ አውራ ጣት አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ «በርታ» ይሆን?

ይህን ስል ግን እኔ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። የራሴ አውራ ጣት ያጠፋችውን ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። እዚህ ቆላ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚበቅለው ከወንዝ ውሃ በሚስብ ሞተር ስለሆነ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ይማምንም ያወቅሁት በፓምፕ ነው። የጀውሃ ሰው ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል፣ ይነግዳል። በወጣትነታችን የመጀመሪያ ፓምፑን ጠግኜ በሰጠሁት በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና ደጄ ላይ ቆሞ «አንተ ዝገት!» ብሎ ሰደበኝ። እኔም «አንተ የበሰበሰ ሽንኩርት!» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ነን። ለፋሲካ የራሱን ዶሮ በራሱ እጅ አርዶ እኔ ቤት ይበላ ነበር፤ ለዒድ እኔ እሱ ቤት ነበርኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዳችን የሌላውን ስም የጠራነው ምናልባት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ልጆቻችን ገጽ ከፈቱልን፤ «ጓደኛ ሁኑ» ብለው አገናኙን፣ እስከዚያ ጓደኛ ያልነበርን ይመስል። ይማም የማሾ ማሳውን ፎቶ ይለጥፋል፣ እኔ አውራ ጣቴን አኖራለሁ። እኔ የፈታሁትን ሞተር እለጥፋለሁ፣ እሱ አውራ ጣቱን ያኖራል። ፊቱን በየዕለቱ ስለማየው በየዕለቱ ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በአካል ሳንገናኝ አለፈ። ተቀያይመን አይደለም። ናፍቆት የሚባለውን ነገር ስልኩ ጥቂት ጥቂት እያቃመሰ አጠፋብን እንጂ።

ባለፈው ዓመት ልቤ ታመመ። ፓምፕ ጠጋኙ የራሱ ፓምፕ ተበላሸበት ብሎ ከተማው ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተቀጠርኩ። ከመሄዴ በፊት፣ ሰኞ ማታ፣ ስልኬ «ምሕረቱን ይላክልህ» በሚል መልእክት ተጥለቀለቀ። የአንዱን አንብቤ የሌላውን ሳላነብ ለሁሉም አውራ ጣቴን እያኖርኩ አለፍኩ፤ እናንተስ እንዲህ አታደርጉም? ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ቤቱን ቆልፈን ሄድን። ረቡዕ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስገባ ስልኬን እዚያው አዲስ አበባ ለሚኖረው ልጄ ለሙሉቀን ሰጠሁትና «ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ በልልኝ» አልኩት።

ዳንኩ። ደረቴን እንደ ጆንያ አፍ ሰፍተው መለሱኝ። ሸዋ ሮቢት ስመለስ አስካለ በሐኪም ትእዛዝ ስም ቤት ውስጥ አሰረችኝ፤ መደንገጥ የለም፣ መቆጣት የለም፣ ፀሐይ የለም። የቀረኝ ስልኬ ነበር። ስልኬ ውስጥ ደግሞ ይማም ነበር።

እንዴት ያለ ይማም መሰላችሁ! ድሮ ዛሬ ብጽፍለት በሦስተኛው ቀን የሚመልስ ሰው፣ አሁን ገና ጽፌ ሳልጨርስ ከስሙ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። «እንዴት አደርክ? መድኃኒትህን ወሰድክ?» ይላል። «አንተስ?» ስለው «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው። ስድብ የለም። አንድ ቀን ሆን ብዬ «አንተ የበሰበሰ ሽንኩርት» ብዬ ላክሁለት። ነጥቧ በራች፣ ጠፋች፣ እንደገና በራች። ቆይቶ «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» የሚል መጣ። በዚያ በሮቢት ሙቀት ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።

ስደውል አያነሣም። ወዲያው ግን «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። የሽንኩርት ነጋዴ ስብሰባው ከማን ጋር ነው? ከሽንኩርቱ ጋር?

ሌላም ነገር ነበር። ደጃፌ ጥላ ሥር መቀመጥ ሲፈቀድልኝ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰላምታው ረዘመ። እጄን ይዞ አይለቅም፣ ዓይኔን ግን አያይም። ማዕዘኑ ላይ ሲሳሳቁ የነበሩ ባጃጅ ነጂዎች እኔን ሲያዩ ጭጭ ይላሉ። ጸጉር አስተካካዬን «ለመሆኑ ይማምን አይተኸዋል?» ብዬ ስጠይቀው መቀሱ አየር ላይ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ «ዘንድሮ ሙቀቱ ባሰ» አለኝ። ሰው ሁሉ ስለ እኔ አንድ ነገር የሚያውቅ መሰለኝ። ሐኪሙ ከእኔ ደብቆ ለከተማው የምሞትበትን ቀን የነገረ መሰለኝ። አስካለን ስጠይቃት «ልብህ ገና አልጠናም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ይማም በእግሩ አልመጣም። አንዴ ፓምፓቸውን የጠገንኩላቸው ሰዎች ከማጀቴ ከተማ ድረስ ማር ይዘው መጥተው ጠይቀውኛል። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለው፣ ፎቶዬ ሥር የልብ ምልክት እየለጠፈ ተቀመጠ። ቂም ያዝኩበት። በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ፣ አስካለ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ሸሚዜን ቀየርኩና የጀውሃ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ልጠይቀው እንዳይመስላችሁ። ልጣላው ነው።

መንገድ ላይ «እየመጣሁ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ነጥቧ በራች። ብዙ ከቆየ በኋላ «ዛሬ አልኖርም፤ ሌላ ቀን ና» የሚል መልስ መጣ።

ይማምን ብታውቁት ኖሮ ያን ጊዜ ለምን እንደፈራሁ ይገባችሁ ነበር። ይማም በሕይወቱ እንግዳን ሌላ ቀን ና ብሎ አያውቅም። ከቤት ቢርቅ እንኳ «ግባ፣ ብላ፣ እስክመጣ ጠብቀኝ» ነው የሚለው። የስልኬን መስታወት እያየሁ፣ ይህ ሁልጊዜ የሚጽፍልኝ ማነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። ፎቶው የይማም ነው፣ ስሙ የይማም ነው፤ እኔን ያውቀኛል፣ መድኃኒቴን ሰዓት ጠብቆ ያስታውሰኛል። «ማነህ?» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቧ ጠፋች።

ጀውሃ ስወርድ ቀትር ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ሽንኩርት የሚሰጣበት ዳስ ባዶውን ነው። መጣራት አስፈራኝና ደወልኩ። ስልኩ ቤት ውስጥ ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድምፁም ወደ እኔ እየቀረበ መጣ። የይማምን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ የወጣችው ልጁ ሀያት ናት፤ አምና ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው።

«ጋሼ ዘውዴ» አለች።

እናቷ ፋጡማ ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ተናገረች። «ዘውዴ፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ። ሀያት፣ ውሃ ስጪው።» ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ሰው መጀመሪያ ተቀመጥ ሲባል ምን እንደሚከተል ያውቃል።

«ይማም ወደ አኼራ ሄዷል» አለችኝ። «ስድስት ሳምንቱ ነው። ያንተ ደረት በተከፈተበት ቀን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይቆይለታል። ሲጠና፣ ሐኪም ሲፈቅድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ደጁን ያንኳኳል። የእኔን መርዶ ከካራቆሬ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ወዳጅ ሁሉ ተሸክሞት ከርሟል። አስካለ ለቅሶውን ተደብቃ ደርሳ፣ የሐዘን ነጠላዋን ጎረቤት አስቀምጣ ወደ እኔ ትገባ ነበር። በይማም ገጽ ላይ ማንም የሐዘን ቃል እንዳይጽፍ ሀያት ሁሉንም ለምናለች፤ ሁሉም ሰምቷታል። የእኔን ነገር ዘንግቶ የጻፈ አንድ ሰው አልተገኘም። ለመጪው እሑድ ማለዳ ሽማግሌ ተቀጥሮልኝ ነበር፣ ሦስት ቀን ቀደምኳቸው።

አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔማ ስፌቴ እሳት እስኪሆን ነው ያለቀስኩት። ግን ልንገራችሁ፣ ከእንባው ሥር ቂሜ አልሞተም ነበር። ሐፍረቴን ዋጥ አድርጌ «ወደ ሐኪም ስሄድ እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም» አልኩ።

ፋጡማ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወግ ሆኖ ከመጋረጃው ሳትወጣ፣ «መጥቶ ነበር እኮ» አለች።

ሰኞ ማታ ጽፎልኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት በዚያው ሰሞን ከሰበሰበው ማሾ አንድ ከረጢት ተሸክሞ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በሬ ተቆልፏል። ጎረቤት «ጎሕ ሲቀድ ሄዱ» አለው። ከረጢቱን ጎረቤት ትቶ በዚያ ሙቀት ተመለሰ፣ ደከመኝ ብሎ ተኛ፣ ረቡዕ ንጋት ለሱብሒ ሰላት አልተነሣም። ማሾውንስ ሳልበላው ቀረሁ መሰላችሁ? አስካለ ከሐኪም ቤት እንደተመለስኩ «ሰው ያመጣው ነው» ብላ ቀቅላ አብልታኛለች።

ስልኬን አውጥቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። አገኘሁት። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሳልጠይቅህ እንዳትሄድ፤ ጠብቀኝ።» ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት ተቀስራለች። ሳላነበው እሺ ብዬዋለሁ። የማፍርበት ነገር ብዙ ነው፣ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ግን የለም።

«ጋሼ፣ ሌላም አለ» አለች ሀያት። ያን ማክሰኞ ከረፋዱ ጀምሮ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ረቡዕ አባቷ ተቀብሮ ሰዉ ሲመለስ፣ ማን ማን ደውሎ እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከፈተችው። ኔትወርኩም ያን ጊዜ ተመለሰ፤ ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ፣ እሷ ምንም ሳትነካ፣ መልእክት ላከ። አባቷ ማክሰኞ ሲመለስ መንገድ ላይ ጽፎት ተይዞ የቆየ ነው። አፈር የለበሰ ሰው መልእክት ሲልክ በዓይኗ አየች። ደንግጣ ሳታስቀምጠው ከእኔ መልስ መጣ፦ «ደህና ነኝ፤ አንተስ?»

የታመመ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ልጅቷ ምን ትበል? «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣችለት።

የመልሴን ሰዓት ስልኬ ላይ አየሁት። ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ ያን ጊዜ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ፣ ደረቴ ተከፍቶ፣ ዓለምን አላውቃትም። እሱ መቃብር ውስጥ ነው። ሁለታችንም በሌለንበት ደህና ነኝ ተባባልን።

ግን የእሱ መልእክት የእኔ ስልክ ላይ የለም። እዚያው ሆኜ ሙሉቀን ጋ ደወልኩ። «አዎ አባዬ፣ እኔ ነኝ የመለስኩትም ያጠፋሁትም» አለኝ። «እገድልሃለሁ የሚል ነገር ስትነቃ እንዳታይ ብዬ ነው። እሳቸው ደግሞ ደህና ነኝ ሲሉ ጊዜ፣ ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሀያት የአባቷን ስልክ ሰጠችኝ። አነበብኩ።

«አንተ ዝገት! ጠብቀኝ ብልህ እሺ ብለህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ? ድነህ ና ብቻ፤ በገዛ እጄ ነው የምገድልህ።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ያጣሁት ሰው ይኸው ነበር። ሳቄ መጣ፤ ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ሳቅሁ። ስልኩን ለሀያት መልሼ፣ መድኃኒቴን ስላስታወሰችኝ አመስግኜ፣ የራሴን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «አንተ የበሰበሰ ሽንኩርት! እገድልሃለሁ ብለህ ቀጥረኸኝ ቀድመኸኝ ትሄዳለህ?»

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ድምፅ አውጥታ ለእናቷ አነበበችላት። ፋጡማ ከመጋረጃው ጀርባ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ሀያት ጣቶቿ ለምደው ስልኩ ላይ ተዘጋጅተዋል።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «አባትሽ በስድብ ሲሸነፍ ዝም ነው የሚለው።»

እውነትም ዝም አለ።