ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ስለሆናት ተናካሽ የተሰየመው ሸንጎ

በነቀምት ከተማ የባላምባራስ አበጋዝ ልጅ ቀለሟ፣ ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ስለነከሰች፣ የአገር ሰላም እንዳይደፈርስ ሰባት አዛውንት ያሉበት ሸንጎ ተሰየመ። የሰባቱ ዕድሜ ቢደመር ከአራት መቶ ዓመት ያልፋል፤ ልጅ አዝሎ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ምርመራ አይቼ አላውቅም። ተነካሾች ሁሉ ቀርበው ቁስላቸውን አሳዩ። የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ማዘንጊያ ግን የተነከሱበት ቦታ ለሸንጎ የሚገለጥ ስላልሆነ ቃላቸው ብቻ ታመነ።

የነገሩን መነሻ ማንም አላነሳውም። የልጅቷ እናት በወለደች በአርባ ቀኗ ስላረፈች ያሳደገቻት ሞግዚቷ ድርቤ ናት። ከወር በፊት ግን ባላምባራስ፣ ልጃቸው በኦሮምኛ ብቻ አፏን መፍታቷን ሰምተው፣ «የሹም ልጅ በአማርኛ ታልቅስ!» ብለው ድርቤን አሰናበቷት።

ተከሳሿ ቀረበች። ሁለት እጇን ወደ ሰብሳቢው ዘርግታ «ና ባዹ!» አለች።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ማዘንጊያ።

ሰባቱም ጣራ ጣራ አዩ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ማርና ቅቤ ሻጩን በኦሮምኛ ተከራክረው የሚያስለቅሱ ሰዎች፣ በዕለቱ አንዲት ቃል አልገባቸውም። ልጅቷ የሰብሳቢውን አውራ ጣት ነከሰች።

«እዘሉኝ ነው የምትለው ጌቶቼ» አለ ዘበኛው ጨመዳ ከበር። «ድርቤ ታዝላት ነበር።»

«ያልተጠራ ምስክር!» ተብሎ ወጣ።

ሸንጎውም «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ የፊት ጥርሶቿ እንዲነቀሉ ወሰነ። የወተት ጥርስ ስለሆነ ተመልሶ ይበቅላል ተብሎም ርኅራኄው ተመሰገነ።

ነገር ግን ቀለሟ እህል አልቀምስ ካለች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አባት አባት ነውና ባላምባራስ ሆዳቸው ባባ። ማንም ሳያያቸው በቅሏቸውን ጭነው ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ድርቤ ደጃፍ ደረሱ። ድርቤ ጥጥ ትፈትላለች።

«ወደ ቀድሞ ሥራሽ እንድትመለሺ ፈቅደንልሻል» አሉ። ድርቤ ቀና አላለችም።

«ደመወዝሽም ይታሰብልሻል።» እንዝርቷ ይሾራል።

በመጨረሻ ከበቅሏቸው ወረዱና ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ማሎ ድርቤ፣ ኮቱ!» ብለው እንድትመጣ ተማጸኑና የቀረውን ልመና በጠራ ኦሮምኛ አወረዱት። ለካ እንዲህ ያምርባቸው ነበር!

ድርቤ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋችና በጠራ አማርኛ መለሰች፦ «አልሰማ ብልዎ ገና በሦስተኛው ቃልዎ ሊያለቅሱ ደረሱ፣ ጌታዬ። እሷ ወር ሙሉ ተናግራ የሚሰማት ስታጣ ብትነክስ ምን ይገርማል?»

ያን ዕለት ቀለሟ ድርቤ ጀርባ ላይ ሆና ሁለት ጊዜ በላች። በማግስቱም ሸንጎው፣ የልጅቷ ጠባይ ውሳኔውን በመፍራት መታረሙን መዝግቦ፣ ራሱን በአንድ ድምፅ አመሰገነ።