ከዴልሂ ቶኪዮ፣ ከነስፌቱ

ከወንበሩ ሳይነሳ ዓለምን ዞሮ የጨረሰ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እዚህ ሰፈር ማዕረጉን የያዙት ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ደንበኞቻቸው «ክቡር ካፒቴን» ይሏቸዋል። ክቡር ካፒቴን አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ከፍታ ስለሚያዞራቸው አምፖል እንኳ የምትቀይረው ሚስታቸው ናት።

ከስፌት መኪናቸው በላይ የዓለም ካርታ ተለጥፏል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በአፉ «ወንድሜ ሴኡል ነው ያለው» ካለ አለቀለት። ካፒቴኑ ሜትሩን ከአንገታቸው ያወርዱና ካርታው ላይ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ሁለት ጣት ይጨምራሉ። «ይቺ የስፌት ናት» ይላሉ ኮስተር ብለው፣ «ለመነሻና ለማረፊያ።» ሰውየው ኪሎ ሜትሩንና ሰዓቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሱሪው ለነገ ይቀጠራል።

አጠገባቸው ቁልፍ የምትተክለው ሚስታቸው ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች። አንድ ልጃቸው ዴልሂ ትምህርቷን ጨርሳ ቶኪዮ ሥራ ያገኘች ጊዜ ግን መርፌዋን አስቀምጣ አዳመጠች።

«ወደ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ከነስፌቱ ስምንት ሰዓት!» አሉ ካፒቴኑ።

የበረራው ዕለት ሚስትየው ልጇ በስልክ የላከችውን ትኬት አየች። መነሻ ከጠዋቱ ሦስት፣ መድረሻ ከምሽቱ ሁለት ተኩል። በጣቷ ቆጠረች።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሦስት ሰዓት ተኩሉን ልጄን የት ሊያቆዩብኝ ነው?»

ካፒቴኑ ደግመው ለኩ። አራት ጣት ጨመሩ፤ አልሞላም። «ምናልባት ዞረው ይሆናል...»

«ምን ፍለጋ ነው የሚዞሩት?»

በዚህ መሀል አንድ ደንበኛ ገብቶ ከዴልሂ ባንኮክ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠየቀ። «አላውቅም» አሉ ካፒቴኑ። ደንበኛው ሰው የሞተባቸው መስሎት አጽናንቷቸው ወጣ። ባልና ሚስት ስልኩን መሀላቸው አስቀምጠው አፈጠጡበት።

ልጅቷ ከተነሳች ስምንት ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ እንደሆነ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ ደረስኩ!»

«ሦስት ሰዓት ተኩሉስ?»

ልጅቷ ሳቀች። «እዚህ ሰዓቱ ከዴልሂ በሦስት ሰዓት ተኩል ይቀድማላ! የበረርነው ስምንት ሰዓት ነው፤ ልክ አባዬ እንዳለው።»

«ከነስፌቱ በያት!» ብለው ዘለሉ ካፒቴኑ። ሚስትየው እልልታዋን አቀለጠችው። ባሏን እንዲህ ወድዳቸው አታውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ዓይኗን ጠርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አፍ ጠየቀች።

«እስቲ ከቶኪዮ እኛ ቤትስ?»

ካፒቴኑ ሜትሩን ዘረጉ። ሁለቱን ጣት ስትጠብቅ እሳቸው አልጨመሩም፤ እንዲያውም ሁለት ጣት ቀነሱ።

«ስፌቱስ?»

«ወደ ቤት ስትመጣ አጠር ይበልላት ብዬ ነው።»

ሚስትየው ካርታውን ትክ ብላ አየችው።

«እንግዲያው ሦስት ጣት ቀንስላት» አለቻቸው።