የሰፈራችን የጣዎስ ሐኪም፣ ክቡር ኡስታድ ራብናዋዝ

ጣዎስ በሚረባበት ሰፈር ሁሉ፣ ጣዎሶቹን ተራ በተራ ወደ ጉድጓድ የሚሸኝ አንድ ሊቅ አይጠፋም። ሕዝቡ ግን ቀባሪ አይለውም፤ ኡስታድ፣ ማለትም መምህር፣ ይለዋል። እጁን ይስማል፣ ወንበር ይስብለታል። ሙልታን ከተማ ውስጥ ያለው የእኛ ሰፈር ደግሞ ከሁሉም የከፋውን፣ ይቅርታ፣ ከሁሉም የከበረውን ታድሏል፦ ክቡር ኡስታድ ራብናዋዝን።

ክቡርነታቸው የታመመ ወፍ አገላብጠው አያዩም። ይህ የተራ ሰው ሥራ ነው። ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ "ነፋስ ገብቶበታል" ይላሉ። ያነከሰው ነፋስ ገብቶበታል። ያስቀመጠውም ነፋስ ገብቶበታል። አንድ ጊዜ ባለሦስት እግር ታክሲ የወጣበትን ጣዎስ አሳዩአቸውና "ታዲያ ወደ መንገዱ የገፋው ማን መሰላችሁ? ነፋሱ ነው" አሉ። መድኃኒታቸውም እንደ በሽታው አንድ ነው፦ በቅቤ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ በአውራ ጣት ጉሮሮ ውስጥ የሚጠቀጠቅ።

የቆዳ ነጋዴው የሐጂ ቱፋይል ጣዎስ ዝናቡ ሲያበቃ የጅራት ላባውን አራገፈ። ጣዎስ በየዓመቱ ያራግፋል፤ ይህን ጥርስ ያላወጣ ሕፃንም ያውቃል። ኡስታድ ግን ብርዱን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት አጎረሱት። ብርዱ አልፎ ላባው እንደ ልማዱ ሲበቅል ሐጂው አዲስ ጥምጥም ሸለሟቸው።

የጡረተኛውን አስተማሪ ጣዎስ ደግሞ ቅማል ወረረው። ኡስታድ ከአናቱ እስከ ጅራቱ የሰናፍጭ ዘይት ቀቡት። ቅማሉ አለቀ። ወፉ ግን ላባው ተጣብቆ ዛፉ ላይ ወጥቶ ማደር ስላቃተው ድመት በላችው።

ኡስታድ ሊያስተዛዝኑ መጥተው "ቅማሉስ?" ብለው ጠየቁ።

"ቅማሉማ ሞቷል" አለ አስተማሪው።

"እንግዲያው ሕክምናው ሠርቷል። ድመቷ ሌላ ጉዳይ ናት።"

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ ሳወራ የኖርሁት ወፎቹ የሌላ ሰው ስለነበሩ ነው።

ባለፈው ዝናብ የእኛው ጣዎስ አንገቱን እየመዘዘ፣ አፉን እንደ መቀስ እየከፈተ፣ ራሱን እየናጠ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። እናቴ እንቁላሉን ለዶሮ አስታቅፋ ያስፈለፈለችው ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ አባቴ ጠዋት ጠዋት የሚያናግረው እሱን ብቻ ነው። እኛን "እህ" ይለናል፤ ወፉን "እንዴት አደርህ" ይለዋል።

ኡስታድ ተጠሩ። ዓይን ጨፈኑ፣ ነፋስ አሉ፣ አውራ ጣታቸውን ከተቱ። በሦስተኛው ቀን ወፉ ውኃ መዋጥ አቃተው።

"አባጂ፣ የእንስሳት ሆስፒታል እንውሰደው" አልሁ፣ በአክብሮቱ "ጂ" አለስልሼ።

"ከሠላሳ ዓመት በፊት ጥምጥም አልብሼ፣ ጣፋጭ አቅርቤ፣ ደቀ መዝሙርህ ነኝ ብዬ የኡስታድን እጅ ይዣለሁ" አለ አባቴ። "እጁን የያዝሁትን ሰው አልፌ ሌላ ደጅ ብጠና በወፍ አርቢው ፊት ምን እባላለሁ?"

"አንተ ይዘሃል። ወፉ ግን የማንንም እጅ አልያዘም።"

"አፍህን ዝጋ፣ አሽፋቅ። አፉን የሚከፍት አንድ ይበቃኛል።"

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ የወፉን ኩስ በክብሪት ቀፎ ይዤ ሹልክ ብዬ ሄድሁ። ሆስፒታሉ ሰልፍ ላይ፣ በዚያ ወበቅ ፊቱን በሻል የሸፈነ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሟል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ያጋለጣቸው የሽንኩርቱ ሽታ ነው።

"ኡስታድ ጂ?"

"ዝም በል። ስም አትጥራ።"

"የማንን ኩስ ነው የያዙት?"

"የናንተውን ነዋ። ትናንት አባትህ ሻይ ሊያመጣ ሲገባ ጠረግሁት።"

ዶክተሯ በማጉያዋ አየች። "የአየር ቧንቧ ትል ነው። የመሬት ትል ሲለቅም ነው የሚይዘው። ይህን ሰባት ቀን ስጡት" አለች። ከዚያ ወደ ሻሉ ዞር ብላ "ጉሮሮው ውስጥ ሌላ ነገር እንዳይገባ። ባለፈውም ነግሬዎታለሁ" አለቻቸው። ክቡርነታቸው የመድኃኒቱን ጠርሙስ ተቀብለው መሬት መሬት አዩ።

በሩ ላይ ያዝኋቸው። "ያውቁ ከነበረ ሦስት ቀን ለምን አሠቃዩት?"

"ሽንኩርቱ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው። አንዳንዴ ሰው በራሱ ላይ ተስፋ አይቆርጥም።"

"የአስተማሪውስ ወፍ?"

"ያኔ እዚህ መምጣት አልጀመርሁም። የጀመርሁት የራሴ እንስት ጣዎስ እጄ ላይ ከሞተች ወዲህ ነው።"

"ታዲያ ለሰዉ ለምን አይነግሩትም?"

"ብነግረው ኡስታድ አልባልም። ኡስታድ ካልተባልሁ ማንም ወፉን አያሳየኝም፤ እዚህም አያመጣውም፤ እቤቱ ይገድለዋል። ኡስታድ አልባልም ያልሁትን ብቻ ብታምነኝም አልቀየምህም።"

ከዚያ ጠርሙሱን ሰጡኝ። "አንብብልኝ። ስንት ጠብታ ነው? ቀስ ብለህ ንገረኝ። ባለፈው ለሌላው ወፍ የሰጠሁት በግምት ነበር።"

ሌላው ወፍ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አባቴ ሳያይ ጠብታውን ሰባት ቀን ሰጠነው። በስምንተኛው ቀን ጣዎሳችን አጥሩ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን በጩኸት ቀሰቀሰ። አባቴ በትሪ ጣፋጭ ሞልቶ ለኡስታድ ላከ፤ ተሸካሚው እኔ ነበርሁ። ኡስታድም በተሰበሰበው ሰው ፊት ስለ ነፋሱ አወጣጥ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጡ። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ።

ገና ሳይጨርሱ ጎረቤታችን ቢቢ ሻሂዳ አፏን የከፈተች ጣዎስ ታቅፋ መጣች።

"አሽፋቅ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ባሌ ዶክተር ጋ ከምትሄድ ትሙት ብሏል። ምን ይሻለኛል?"

ኡስታድ ጣፋጩን አፋቸው ጋ አድርሰው አቆሙና አዩኝ።

"ለኡስታድ ስጪያት" አልኋት። "ግን ዛሬውኑ። ኡስታድ ጂ ሦስት ቀን አይጠብቁም።"

ጣፋጩን ትሪው ላይ መለሱት። ቀትር ነው፤ ድንጋዩ ይፋጃል። ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሻላቸውን ጠየቁ፤ እኔም ሮጬ አቀበልኋቸው።