የሁላችንም ጉዳይ

እናንተዬ፣ መተባበር የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ላሊበላ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ አስተናጋጅ ስለሆንኩ በየወሩ አያቸዋለሁ። ከስደት ተመላሾችን የሚያቋቁሙ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ሥራቸውን ለማቀናጀት ይሰበሰባሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ለሌላ ስብሰባ ይቀጣጠራሉ።

አንድ ቀን ስብሰባቸው ላይ ታንጉት የምትባል የኮን ከተማ ልጅ መጣች። ከሳውዲ ተባርራ የተመለሰች ናት። ልብስ መስፋት ስለምትችል የምትፈልገው አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነበር። መኪናው ያለው አንደኛው ድርጅት ዘንድ ነው፤ ግን ሁለተኛው ካላሠለጠናት አይሰጣትም። ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛው ካልመዘገባት አያሠለጥናትም። ሦስተኛውስ? የሚመዘግበው መኪና ያላትን ብቻ ነው!

ሰብሳቢው አንገታቸውን በሐዘኔታ ሰበር አድርገው፣ «እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ነው» አሏት።

«የሁላችሁም ከሆነ ታዲያ ማን ጋ ልሂድ ጌታዬ?»

ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ከዚያ ባነሩ ላይ የማን አርማ ይቅደም ወደሚለው ክርክራቸው ተመለሱ። እሷ እስኪበተኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። እኔም ሻይና ስልክ ቁጥሬን ከመስጠት በቀር ምንም አላደረግሁላት፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ጅቡቲ ነኝ።»

«ምነው ልጄ! እንዴት አድርገሽ ደረስሽ?»

«የጋሸናው ደላላ ለወልዲያው አስረከበኝ፣ የወልዲያው ለሎጊያው፣ የሎጊያው እዚህ አደረሰኝ። በሄድኩበት ሁሉ ስሜን አውቀው ጠበቁኝ። ደብዳቤ አምጪ ያለኝ አንድም ሰው የለም። ነገ በጀልባ የሚያሻግሩኝም መጥተዋል።»