ዕድሜህን ንገረኝ፣ ዘንዶህን እመርጥልሃለሁ

ባንክ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ሐኪም የሌለውም እንደዚሁ። መጽሐፍ አዛዥ የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መጽሐፍ አዛዥ ማለት፣ ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዝ፣ ሳትታመምም ሳትጠይቀውም ልብ ወለድ የሚያዝልህ ሰው ነው። ሰላም ስትለው ዓይን ዓይንህን እያየ ምን እንደጎደለህ ይመረምራል። ያዘዘልህን ካልጨረስክ መንገድ ቀይረህ መሄድ ይኖርብሃል።

የዲላው መጽሐፍ አዛዣችን ክቡር ጋሽ ኪዳነወልድ ነበሩ፦ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የዘንዶዎች ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የጠንቋዮችና የሚናገሩ እንስሳት የበላይ ጠባቂ። በሚሊኒየሙ ዓመት ገደማ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ በአሚን ሱቅና እኔ በምሠራበት ካሴት ቤት መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የመጽሐፍ ማከራያ ነበረቻቸው። የሚያከራዩት በዚህ ዓለም የማይሆን ነገር የሚሆንበትን መጽሐፍ ብቻ ነው። የፍቅር መጽሐፍ የጠየቀ ደጅ ይቀራል።

“ዕድሜህን ንገረኝ፣ ዘንዶህን እመርጥልሃለሁ!” ነበር ሰላምታቸው።

የሰፈራችን ልጅ ሲፈን ስምንት ዓመቷ መሆኑን ስትነግራቸው የሚናገር ዝሆን ታዘዘላት።

“ጋሼ፣ የሚያስፈራ የለም እንዴ?”

“ማስፈራት ከአሥር ዓመት በላይ ነው። መጀመሪያ ከዝሆኑ ጋር ተዋወቂ።”

ለጎረምሳ የሚያዙት ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ጀግና ነው። “በመጽሐፍ ካልሄደ በእግሩ ይሄዳል” የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ከሁሉም የሚያደክማቸው አዋቂ ነው። አንድ ቀን ከወናጎ የመጡ ቡና ነጋዴ፣ “እኔ እኮ የአራት ልጆች አባት ነኝ፤ ተረት ምን ያደርግልኛል?” አሏቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። “ጌታዬ፣ የቡና ዋጋ ነገ ይጨምራል ብሎ የሚያምን ሰው፣ በዘንዶ ለማመን ምን ያግደዋል?” ነጋዴው በሳምንቱ ሁለተኛውን ቅጽ ፍለጋ በዝናብ መጡ።

ከእኔ ጋር ግን አንስማማም። እኔ በዘፈን ያደግኩ፣ ስንኝ ሲነካኝ እንባዬ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። “አንተ ዘፋኝ! ዘፈንህ አምስት ደቂቃ ነው፤ ዘንዶ በአምስት ደቂቃ ከእንቅልፉ አይነቃም! ቀንስልኝ ይህን ድምፅ!” ይላሉ በግድግዳው በኩል። እኔም ድምፁን ሳልቀንስ እመልሳለሁ፦

ዘንዶስ ምን ያደርጋል፣ እሳት ቢተፋ፣
የሷ ዓይን ነው እንጂ፣ ቤቴን ያጠፋ።

“ቤትህን ያጠፋው ስንፍናህ ነው!” ይሉና መጽሐፍ በመስኮት ይወረውሩልኛል። አነበዋለሁ። ምን አደርጋለሁ፣ ጎረቤት ናቸው።

አንድ ታላቅ ሕግ ነበራቸው። መታወቂያ አያስይዙም፣ ሌላ መያዣም አይቀበሉም። የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል በምላጭ ቆርጠው በሳሙና ካርቶን ያስቀምጣሉ። መጽሐፉን የመለሰ ሰው ያቺን ቅጠል እዚያው በር ላይ ቆሞ አንብቦ ይመልሳታል። ለአንዲት ገጽ ብሎ ከኮንጋ በሞተር የመጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በሕጋቸው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያም ነበር፦ “ደራሲው ከጻፈው መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ማንም አይነካም!”

ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊዋ እትዬ አሰፋች አሉ። ልጃቸው በሞያሌ መንገድ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ የለም። ጋሽ ኪዳነወልድ ስድስት ወር ሙሉ ወተወቷቸውና በመጨረሻ እትዬ አሰፋች “የጉም በር” የሚለውን መጽሐፍ ወሰዱ። የተሰረቀች ፀሐይ ለማምጣት በጉም ውስጥ ስለሚሄድ ልጅና በየማታው ደጇ ላይ ፋኖስ ስለምትሰቅል እናቱ ነው። እትዬ አሰፋች በስፌት መኪናቸው ላይ ዘርግተው በቀን አራት ገጽ ያነባሉ። “ዛሬ ወንዙን ተሻገረልኝ!” እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ያበስራሉ።

ያን መጽሐፍ እኔ አንብቤዋለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፋኖሱ ይጠፋል፤ ልጁ አይመለስም። ሳምንት ሙሉ አልቅሼበታለሁ። እትዬ አሰፋች ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ወደ ካሴቶቼ ዞሬ አቧራ የማራግፍ እመስላለሁ።

በሚያዝያ ዝናቡ መጣ። ጋሽ ኪዳነወልድ ካርቶኑን ሌባ እንዳይደርስበት ከሁሉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል፤ ልክ ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር። ጠዋት ሲከፍቱ አርባ መጨረሻ አንድ ገንፎ ሆኖ ጠበቃቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ለቀስተኛ ቆሙ።

“ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ወላሂ ሱቄ ቢቃጠል እንኳ እንዲህ አላዝንም” አላቸው አሚን።

“አሚንዬ፣ ሱቅ ይሠራል። መጨረሻ ከየት ይመጣል?”

ሦስት ቀን ዘጉ። ያለ መጨረሻ ማን ይከራያል? እኔን “መደርደሪያውን ሽጥልኝ” እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በአራተኛው ቀን ግን በሩ ላይ አዋጅ ተለጠፈ፦ እያንዳንዱ አንባቢ ያነበበውን መጽሐፍ መጨረሻ በትውስታው ጽፎ ያምጣ። ከተማው ብዕር አነሳ። የወናጎው ነጋዴ ስድስት ገጽ ጻፉ። ሲፈን የዝሆኑን መጨረሻ ከነሥዕሉ አመጣች።

እኔን ራሳቸው ጠሩኝ። “የጉም በርን የሚያስታውስ ካንተ ሌላ የለም። ጻፍ።”

“እርስዎስ አንብበውት የለም እንዴ ጋሼ?”

“አርባው ጭንቅላቴ ውስጥ ተደባልቆብኛል። ጻፍ አልኩህ!” ወደ ስፌት መኪናው አሻግረው አዩ። “አሰፋች ሐሙስ ትጨርሳለች።”

ሁለት ቀን ካሴት ሳልከፍት ጻፍኩ። እንደነበረው ልጽፍ አምስት ጊዜ ጀመርኩ፤ አምስት ጊዜ ፋኖሱን ማጥፋት አቃተኝ። በስድስተኛው ልጁን መለስኩት። ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል። እናቱ ፊቱን አላወቀችውም፤ ያወቀችው የማንኳኳቱን ድምፅ ነው።

ገጿን ስሰጣቸው የምባረር መስሎኝ አንድ እግሬን ውጭ አድርጌ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበቧት። የመምህርነት ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨመሩና ማኅተማቸውን አሳረፉባት።

ሐሙስ ዕለት እትዬ አሰፋች መጡ። በር ላይ ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

“አንኳኳ” አሉ ቀና ብለው። “አንኳኳ አይደል?”

“አንኳኳ” አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ድምፃቸውን እንደ ምስክር ከፍ አድርገው።

እትዬ አሰፋች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ሁለተኛው ቅጽ አለ?”

መጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ የሚባል ነገር የለውም። ጋሽ ኪዳነወልድ ወደ እኔ ዞሩ። “በወሩ ይመጣል” አሉ።

እኔ ደራሲ የሆንኩት እንዲህ ነው።

በዓመቱ ጋሽ ኪዳነወልድ ሀዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ የማከራያዋን ቁልፍ ለእኔ ትተው ሄዱ። መደርደሪያውን ሳራግፍ አሮጌው አትላሳቸው ውስጥ በምላጭ የተቆረጠች ቅጠል አገኘሁ። የጉም በር የመጨረሻ ገጽ ናት፤ ፋኖሱ የሚጠፋባት፣ እውነተኛዋ። አንዲት ጠብታ ውሃ አልነካትም። ከጀርባዋ በቀይ እስክሪብቶ ቀን ተጽፎባታል፦ እትዬ አሰፋች መጽሐፉን የወሰዱበት ቀን፣ ዝናቡ ከመምጣቱ ሦስት ሳምንት በፊት። ከሥሩ፣ “ይህችን ዘፋኙ ይጻፋት” ይላል።

ገጿን መልሼ አትላሱ ውስጥ ከተትኳት። በር ላይ እትዬ አሰፋች ቆመው ሦስተኛውን ቅጽ እየጠየቁኝ ነበር።