እንግዳ የሚለምኑ ቤቶች

ትናንት በሕልሜ ቤቶች እንግዳ ፍለጋ ሲንከራተቱ አየሁ። እንግዳዋ እኔ ነበርኩ።

የተኛሁት ስጋት ይዞኝ ነው። ታናሽ እህቴ ፋናዬ ወልዳ ልጠይቃት ኮምቦልቻ እንደ ደረስኩ ከንፈሬ ላይ ምች ወጣብኝ። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ምች የምትሉት ቫይረስ ነው። ለአዋቂ ቀላል ነው፤ ጨቅላ ሕፃን ግን ሊገድል ይችላል። ቁስሉ እስኪድን ልጅቷን እንዳትስሚ» ብሎኝ ነበር።

በሕልሜ እኔው ራሴ ቫይረስ ሆኜ፣ እሾሃማ ካባ ደርቤ መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። በሩን ቆልፎ የተገኘ አንድ ቤት ፖሊስ ይዞት ሄደ። የቤቶቹ ዘበኞች አንቀላፍተዋል፤ ሌቦች ብርድ ልብስ እያለበሱ ይጠብቋቸዋል።

የመጀመሪያው ሰፊና ዝርግ ነበር።

«የቆዳ ቤት ነኝ» አለ። «በሞቴ ግቢ!»

«ካባዬን የት ልስቀል?»

«ምን መስቀል አለ?» አለና ከነካባዬ ዋጠኝ። ራሴን አንድ ከረጢት ውስጥ አገኘሁት። ከረጢቱ ቀስ በቀስ እንደ ሎሚ ኮመጠጠ። አሁን ሟሟሁ ስል፣ ካባዬ ኮምጣጣውን ቀምሶ ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ፤ እኔም በዚያው በኩል ሾልኬ ሳሎን ገባሁ።

«ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚያስገባው?»

«የጎረቤቴን ጠባይ አላውቅም፤ ሄደሽ እይ።»

ሁለተኛው እንደ ገመድ ቀጭን ነበር፤ ጫፉ አይታይም። የነርቭ ቤት ነኝ አለኝ።

«አንተም ትውጠኛለህ?»

«ነውር ነው! እኔ ዘንድ እንግዳ አይዋጥም። ካባሽ ደጃፌ ላይ ከግድግዳዬ ጋር ይዋሃዳል፤ አንቺ ያለ ካባ ትገቢያለሽ።»

«ከዚያስ?»

«መኝታሽ ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ዕድሜ ልክሽን መተኛት ትችያለሽ።»

«ሲሰለቸኝስ?»

«በመጣሽበት ተመልሰሽ ከንፈር ላይ ብቅ ማለት ነው። ማን ከልክሎሽ!»

በዚያው ካባ እንደየቤቱ ጠባይ መግባት መቻሌ ገረመኝ። ሌላ በር ለማየት ቸኮልኩ።

ሦስተኛዋ ቤት ጭቃዋ ገና አልደረቀም። ቁመቷ ከጉልበቴ አይበልጥም። መቀርቀሪያ አልተበጀላትም፤ ዘበኛም አልተቀጠረላትም። በሯን ወለል አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። የእህቴ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ዝጊ!» አልኳት።

«እንዴት ነው የሚዘጋው?»

«ሂጂልኝ በይኝ!»

«እንግዳ መመለስ ገና አልተማርኩም» አለች።

መቃኑን በሁለት እጄ ይዤ ራሴን ወደ ኋላ ብጎትትም እግሬ ገባ። ካባዬ ከግድግዳዋ ጋር መዋሃድ ጀመረ።

ነቃሁ። ነግቷል። የፋናዬ አማት እትዬ አልጣሽ ሕፃኗን አቅፈው ፊቴ ላይ አጎንብሰዋል።

«ሳሚያት እንጂ፣ አክስቷ አይደለሽ?»

አፌን በመዳፌ ከደንኩ። «አልስማትም፣ እትዬ። ይሄ ምች ይጋባባታል።»

«ምች ፀሐይ ነው የሚያመጣው! ዳማከሴ አሽተን እንቀባሻለን።»

ፋናዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ልጄን ተጸየፍሻት?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ኧረ በሉ፣ እህትማማቾች!» አሉ እትዬ አልጣሽ። ሕፃኗን በአንድ ክንዳቸው እንዳቀፉ በሌላው እጃቸው መዳፌን ከአፌ ላይ አነሡና፣ ጉንጬንም ከንፈሬንም ሳይለዩ አገላብጠው ሳሙኝ። «ይኸው፣ እኔ አደርስልሻለሁ» ብለው ከንፈራቸውን ወደ ሕፃኗ አወረዱ።

ጮህኩ። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች።

«አየሽ» አሉኝ፣ «መሳም አምሯት ነው።»